ርስት፣ አደራና የመንግሥት ሥልጣን ልክ

መንግሥት ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ በኖረ ነገር ላይ ሥልጣኑ እስከ የት ነው? ጥያቄው የሕግ ባለሙያንና ፖለቲከኛን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ሥሩ ሲፈተሽ ግን ሰው ለሞቱት ወላጆቹና ገና ላልተወለዱት ልጆቹ ምን ዕዳ አለበት የሚል የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ወግ አጥባቂ የሚባለው አስተሳሰብ በየአገሩ መልኩ ቢለያይም የሚሰጠው መልስ ተቀራራቢ ነው፦ ትውልድ የወረሰውን የተረከበው በአደራ ነው፤ ስለዚህ ሊያሻሽለው እንጂ እንዳሻው ሊያፈርሰው አይገባም። ይህ መልስ ከአውሮፓ መጻሕፍት ብቻ የተቀዳ አይደለም። ከጎንደር በስተሰሜን በዳባትና በደባርቅ አልፎ እስከ ሊማሊሞ ገደል በሚዘልቀው የወገራና የሰሜን ደጋ ገበሬው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት ሕግ ነው። በዚሁ ደጋ ንጉሥ፣ አብዮተኛና የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም በየተራ ፈትነውታል። ስለዚህ አካባቢው ጥያቄውን ከነክርክሩ ለመመርመር ይመቻል።

የርስት ሥርዓት

በሰሜን ኢትዮጵያ ባለርስት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ድርሻውን የሚያርስ ሰው ነበር። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ወራሽ ናት። መሬቱ የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ባለርስቱ ለባዕድ ሸጦ ለመሄድ ነጻነት አልነበረውም፤ ዘመድ ይከለክለዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ልማዱ ሹም ባለርስትን እንዲነቅል አይፈቅድም። ከአገር ርቆ የኖረ ሰው እንኳ ተመልሶ ትውልዱን በሽማግሌ ፊት ቢያስቆጥር ድርሻውን የመጠየቅ መብት ነበረው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል የመነጨው ከዚህ ነው።

ከርስት ጎን ለጎን ጉልት ነበር። ጉልት ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለአድባራት የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ሲሆን የማረስ መብት ግን አይደለም። ጉልተኛ ይሾማል፣ ይሻራል፤ ባለርስት ባለበት ይቆያል። በዚህ ልዩነት ውስጥ ስለ መንግሥት ትልቅ ሐሳብ ይገኛል። ንጉሥ ከምድሪቱ ፍሬ ድርሻ አለው፤ ምድሪቱን ግን እሱ አልሰጠም። መብት ከላይ የሚታደል ችሮታ ሳይሆን ከታች፣ ከቤተሰብና ከደብር የሚነሣ ነው። ገበሬው ለንጉሥ ይገብራል፣ ሲጠራ ይዘምታል፣ ለሹም እጅ ይነሣል፤ ስለ ማሳው ሲጠየቅ ግን የሚጠራው የአያቱን ስም ነው።

ሥርዓቱ ነውር አልባ አልነበረም። የአንድ አቅኚ አባት ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲበዛ የጠያቂው ቁጥር ከመሬቱ ይበልጣል። ሙግቱ ከዓመት ዓመት ይጓተታል፤ ዳኛውም ሽማግሌውም ወደ ባለ ሹመቱና ወደ ባለ ጉልበቱ ማዘንበሉ ያልተለመደ አልነበረም። ማሳው ተበጣጥሶ አንድ ቤተሰብ በተለያየ አቅጣጫ ትናንሽ ቁራሾችን ያርሳል። ነገ ዘመድ ተነሥቶ ሊጠይቀው በሚችል መሬት ላይ እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል የሚተጋም ጥቂት ነው። ሥርዓቱን የሚያደንቅ ሁሉ ይህን አብሮ መቁጠር አለበት።

የሃይማኖቱ መሠረት

የርስት ክብር በኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የተሳሰረ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የሚገኘው የናቡቴ ታሪክ ዋነኛው ነው። ንጉሡ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ቦታ ፈለገው። በነጻ ልውሰድ አላለም፤ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊከፍል ቀረበ። በገበያ ሚዛን ሲታይ ከዚህ የተሻለ ካሳ አይገኝም። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ኤልዛቤል በንጉሥ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፣ ጾም ታወጀ፣ ሸንጎ ተሰበሰበ፣ የሐሰት ምስክር ቆመ፣ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ግድያው የተፈጸመው በሕግ ወግና በሃይማኖት ሥርዓት ተሸፍኖ ነው። ነቢዩ ኤልያስ የተላከውም ይህን ሽፋን ሊገልጥ ነው።

ከታሪኩ ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛው፣ ዋጋ መክፈል ብቻውን የመንግሥትን ፍላጎት ጻድቅ አያደርገውም፤ በገንዘብ የማይተመን ነገር አለ። ሁለተኛው፣ ደንብና ሸንጎ መኖሩ ለፍትሕ ዋስትና አይሆንም፤ ሥልጣን የራሱን ደንብ መሣሪያ አድርጎ ንጹሕን ሊያጠፋ ይችላል።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ክርክሩን ከፍ ያደርገዋል። ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ሰዎች በላይዋ እንግዶች ናቸው፤ ስለዚህ ለዘለዓለም አትሸጥም፤ በሃምሳኛው ዓመት ወደ ወራሹ ቤተሰብ ትመለሳለች። ይህ ሕግ ንጉሥንም ነጋዴንም እኩል ይገድባል። ንጉሥ ምድርን የእኔ ናት ሊል አይችልም፤ ባለገንዘብም በድሀ ችግር ገብቶ ለዘለዓለም ሊጠቀልላት አይችልም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም አንቀጽ 44ን ለነገሥታት የሰጠው ንጉሥ ራሱ ከሕግ በታች መሆኑን ለማስተማር ነው።

በእስልምና ያለው ትምህርት ከዚህ አይርቅም። ሰው በምድር ላይ የአላህ ምትክ ተጠሪ ነው፤ የተሰጠው አማና ስለሆነ ይጠየቅበታል። በሱረቱል አሕዛብ እንደሚነገረው ሰማያት፣ ምድርና ተራሮች ይህን አደራ ለመሸከም ፈርተው ሲተዉት ሰው ተሸክሞታል። በሰሜን ተራሮች ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን የኖሩ ስለሆነ የሁለቱም ትምህርት አንድ ነጥብ ላይ መገናኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለቱም ባለቤትነት የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ከባለቤትነት በላይ ተጠያቂነት አለ።

በደረስጌ የነገሠው ንጉሥ

ዘመናዊ መንግሥት በዚህ ሥርዓት ላይ ያደረገው የመጀመሪያ ታላቅ ሙከራ መነሻው ሰሜን ነው። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሐሳባቸው ትልቅ ነበር። የመሳፍንቱን ሽኩቻ ማብቃት፣ ገበሬውን እየዘረፈ የሚኖረውን ሠራዊት በደመወዝ ማሳደር፣ አገርን አንድ ማድረግ። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ካህናት በያዙት ሰፊ መሬት ውስጥ ታያቸው። በነገሡ በዓመቱ ከካህናቱ ጋር ጀምረውት የነበረው ክርክር ሳይፈታ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው ትርፍ ያሉትን መሬት ለሚገብር ገበሬ ሰጡ።

የቴዎድሮስ ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። ያለ ልክ የበዛ ካህን በገበሬ ላይ ሸክም ነው፤ ደመወዝ የሌለው ወታደር ደግሞ ከካህኑ ይከፋል። ስሕተቱ ያለው በመንገዱ ነው። ንጉሡ አገርን ከሚያስተሳስሩት ተቋማት ዋነኛውን በአንድ ትእዛዝ ጠላት አደረጉት። የቀቧቸው ጳጳስ በመቅደላ ታስረው በዚያው ሞቱ፤ ጎንደር በንጉሡ ሠራዊት ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ሸፍቶ ያልተነሣባቸው አውራጃ ጥቂት ሆነ። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርሱ ንጉሡን የሚከላከል አገር አልቀረም ነበር። ወግ አጥባቂ አስተሳሰብ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ንጉሥ አያሻሽል የሚል አይደለም። የሚሻሻለው ነገር የቆመበትን ምሰሶ ነቅሎ ማሻሻል አይቻልም፤ ቅን ሐሳብም ለሥልጣን ልክ ማጣት ምክንያት አይሆንም የሚል ነው።

በኋላ የመጡት መንግሥታት ይህን በከፊል ተምረዋል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመሬት ቅየሳ በሰሜኑ ክፍል ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ግብሩ በአብዛኛው በጥንቱ ልክ ቀጠለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አምጾ መንግሥትን ወደ ኋላ እንዲል አስገደደው። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም። የሚለካ መሬት የሚወሰድ መሬት ነው ብሎ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ታየ።

የ1967 አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ፤ በየቦታው የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። በደቡብና በምዕራብ ጭሰኛው በባለ መሬት እግር ሥር በነበረበት አካባቢ አዋጁ የእውነት ነጻነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ፍትሕን ይክዳል። በሰሜን ግን ገበሬው በአብዛኛው ራሱ ባለርስት ነበር። አዋጁም ይህን ልዩነት አውቆ ለርስት አካባቢዎች የተለየ ክፍል አስቀምጦ ነበር። ገበሬው የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ አይቻልም።

በዚህ አንድ አንቀጽ የመብት ምንጭ ተገለበጠ። ትናንት ገበሬው መሬት የነበረው የእገሌ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ከነገ ጀምሮ መሬት የሚኖረው ማኅበሩ ስለፈቀደለት ነው። ሙግቱ መቅረቱ፣ ለሩቅ ዘመድ የሚተርፍ ስጋት መወገዱ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ሰጪ የሆነ አካል ነሺም ይሆናል። በቀጣዮቹ ዓመታት መሬቱ በየጊዜው ተሸነሸነ፤ ገበሬው እህሉን መንግሥት በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያቀርብ ተገደደ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተከተለ። በመኳንንትና በቀድሞ ሹማምንት የተመራው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) እ.ኤ.አ. በ1977 ሁመራንና መተማን ይዞ ወደ ጎንደር ሲቃረብ ከገበሬው ድጋፍ ያገኘውም የርስቱ ቁጭት ስለነበረ ነው። ኢዲዩ ተሸነፈ፤ ለመሸነፉ አንዱ ምክንያት የአባቶችን ርስት ከመኳንንት ጥቅም ለይቶ ማሳየት አለመቻሉ ነው። ቅርስን የሚጠብቅ ፖለቲካ የጥቂቶች ቅርስ ጠባቂ መስሎ ከታየ ያበቃለታል።

ደርግ ከወደቀ በኋላም የመብቱ ምንጭ አልተለወጠም። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በበርካታ ወረዳዎች በተካሄደው ሽግሽግ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩት «ቢሮክራት»፣ ሌሎች ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ይህ የሆነው በጥፋታቸው ተከስሰው፣ በፍርድ ቤት ተረጋግጦባቸው አይደለም፤ በተለጠፈባቸው ስም ነው። መሬት የመንግሥት ችሮታ ሲሆን ፖለቲካ በማሳ ድንበር ላይ እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የመንግሥት ባለቤትነት ደጋፊዎች የሚያነሡት ጠንካራ መከራከሪያ አለ። መሬት ለገበያ ከተለቀቀ ገበሬው በድርቅ ዓመት ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል፤ ባለገንዘብ አገሩን ይጠቀልላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ከርስት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ርስትም በቀላሉ አይሸጥም ነበር፤ ከልካዩ ግን ቤተሰብና ጎረቤት እንጂ ሩቅ ያለ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከገበያ ለመጠበቅ ሁሉን ለመንግሥት ማስረከብ የግድ አይደለም። የኢትዮጵያ ወግ አጥባቂ ሐሳብ ከሶሻሊስቱም ከገበያ አምላኪውም የሚለየው በዚህ ነው።

ካናዳዊው ወግ አጥባቂና የሰሜን ገበሬ

ይህ ሐሳብ በሌላው ዓለም ዘመዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድመንድ በርክ የፈረንሳይን አብዮት ሲተች ማኅበረሰብ በሞቱት፣ በሕይወት ባሉትና ገና በሚወለዱት መካከል የተደረገ ኪዳን መሆኑን አስተማረ። የወገራ ሽማግሌ ትውልድ ሲቆጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሞቱትን ምስክር፣ የሚወለዱትን ወራሽ አድርጎ ያቀርባል።

የበለጠ የሚቀርበው ግን ካናዳዊው ፈላስፋ ጆርጅ ግራንት ነው። ግራንት እ.ኤ.አ. በ1965 ለአገሩ ሙሾ የሆነ መጽሐፍ ያሳተመው የጆን ዲፈንቤከር ወግ አጥባቂ መንግሥት በ1963 ከወደቀ በኋላ ነው። ዲፈንቤከር የወደቁት የአሜሪካን የኑክሌር አረር በአገራቸው ምድር ለመቀበል በማመንታታቸው በተነሣ ቀውስ ነበር። ግራንት በዚህ ውድቀት ውስጥ ያየው ከአንድ ፓርቲ ሽንፈት ይልቃል። ቴክኖሎጂን፣ ትልቅ ገበያንና ትልቅ አስተዳደርን አንድ ላይ ያዋሐደው ዘመናዊ ኃይል ትንሹን፣ የአካባቢውንና የተወረሰውን ሁሉ እንደ እንቅፋት ያየዋል። ለግራንት የራስ የሆነን ነገር መውደድ ጠባብነት ሳይሆን ሰው በጎ ነገርን ሁሉ ለመውደድ የሚገባበት በር ነው። ቤቱን፣ ደብሩን፣ አገሩን ያልወደደ ሰው የሰውን ልጅ በሙሉ እወዳለሁ ቢል ፍቅሩ አድራሻ የለውም።

የካናዳ ታሪክ ሌላም የሚያስተምረው ነገር አለ። በዲፈንቤከር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የመብቶች ሕግ ሰው በንብረቱ ተደላድሎ የመጠቀም መብቱን አውጆ ነበር። በ1982 ሕገ መንግሥታዊ ሆኖ የመጣው የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር ግን የንብረት መብትን አላካተተም። ወግ አጥባቂዎች ይህን ክፍተት ደጋግመው አንሥተዋል፤ ትክክልም ናቸው። ሐሳቡን የመግለጽ መብት ያለው፣ ነገር ግን ከቆመበት መሬት ያለ ጽኑ ዋስትና ሊነሣ የሚችል ሰው ነጻነቱ ሙሉ አይደለም። የደባርቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት የኦታዋን ክርክር መከታተል አያስፈልገውም።

ፓርኩና ግጭ

አደራ የሚለው ሐሳብ እጅግ የሚፈተነው ሁለት አደራዎች ሲጋጩ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በዱር የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት የሆነ፣ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችል እንስሳ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያው ይኖራሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ። ዝርዝሩ ውስጥ ካስገቡት ምክንያቶች ዋነኞቹ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሰው፣ እርሻውና ግጦሹ ናቸው።

በደርግ ዘመን በፓርኩ ክልል የነበሩ ነዋሪዎች በኃይል ተነሥተው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊሞች የሚኖሩባት፣ ገብስ በማረስና ከብት በማርባት የምትተዳደረው የፓርኩ መንደር ግጭ ተነሣች፤ ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የቤት ቦታ አግኝተው ወደ ደባርቅ ከተማ ገቡ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር ወጣ።

በፓርኩ በኩል ያለው ክርክር ደካማ አይደለም። ስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳጠናው በሰሜን ቁልቁለቶች አፈሩ በእርሻ ምክንያት በብርቱ ታጥቦ ነበር። የግጭ ማሳ ለሚቀጥለው ትውልድ እየሳሳ ነበር። ዋልያውም አደራ ነው፤ ያልተወለደው ትውልድ ውርስ ነው። ስለዚህ የግጭ ጉዳይ የአክዓብና የናቡቴ ጉዳይ ነው ማለት ሐቁን ማጥመም ይሆናል። ድርድር ነበር፣ ካሳ ነበር፣ የተፈለገውም ለንጉሥ አትክልት አይደለም።

ሆኖም ናቡቴ ያስተማረው የመጀመሪያው ትምህርት አሁንም ይሠራል፤ ዋጋ መክፈል ጉዳዩን አይዘጋውም። አራሽ የነበረ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ በከተማ ዳር ሲሰፍር የሚያጣው የእህል ምርት ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ሥራ፣ ወንፈሉን፣ የዘመዶቹን መቃብር፣ ለልጁ የሚያወርሰውን ዕውቀት ያጣል። ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት የሌለው የቀድሞ ገበሬ ልጅ በከተማ የቀን ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1885 የባንፍን ፓርክ መሠረት ከጣለች በኋላ ስቶኒ ናኮዳ የተባሉትን ነባር ሕዝብ ከአደን ቦታቸው አግዳለች፤ ጃስፐር ከተከለለ በኋላ ደግሞ በዚያ ይኖሩ የነበሩ የሜቲ ቤተሰቦች ተነሥተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የካናዳ መንግሥት ነባሩን ሕዝብ በፓርክ አስተዳደር ውስጥ ለማስገባት ሲጥር ይታያል። በሰሜን ኢትዮጵያ የደብር ቅጥር ግቢ ደኖች ከብዙ መንግሥታት በላይ ዕድሜ ያገኙት ሕዝቡ የራሱ ቅዱስ ነገር አድርጎ ስለጠበቃቸው ነው። ጥበቃ የሚጸናው ጠባቂው በአካባቢው ሲኖርና ጥቅሙም ክብሩም የእሱ ሲሆን ነው።

የባህሉ በደል

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከዚሁ ደጋ ነው። የርስት ሥርዓት ለሁሉም አልነበረም። በወገራና በሰሜን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት የኦሪት እምነት ተከታዮች ቤተ እስራኤል ከርስት ውጭ ነበሩ። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ብለው አዘዙ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በሰሜን የነበረው የቤተ እስራኤል አገዛዝ በዐፄ ሱስንዮስ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲህ በሸክላ፣ በብረትና በግንብ ሥራ፣ በሰው መሬት ላይም በእኩል አራሽነት ኖሩ። ጎረቤታቸው የሠሩትን ማረሻና ማሰሮ እየተጠቀመ በቡዳነት ጠረጠራቸው። ሙስሊሙም በብዙ ቦታ ከርስት ተገልሎ በንግድና በሽመና እንዲኖር ተገድዷል። በ1967ቱ አዋጅ ብዙ ቤተ እስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሱት መሬት አገኙ። አብዮቱ ባህሉ የነፈጋቸውን ሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ በረሀብና በጦርነት ዓመታት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ወግ አጥባቂ አስተሳሰብ ይህን ሐቅ ሸሽቶ ሊቆም አይችልም። ሦስት ነገር መቀበል አለበት። አንደኛ፣ ዕድሜ ብቻውን ጽድቅ አይሆንም፤ በደልም ይወረሳል። ሁለተኛ፣ የዐፄ ይስሐቅ ትእዛዝ ራሱ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ነው፤ በሥልጣን ቃል ሰውን ከአባቱ ውርስ መንቀል ነው። ለናቡቴ የሚያለቅስ ሰው ለቤተ እስራኤልም ማልቀስ አለበት፤ አለዚያ የሚጠብቀው መርሕ ሳይሆን የወገኑ ጥቅም ነው። ሦስተኛ፣ ባህል ራሱን የሚያርምበት ከራሱ በላይ የሆነ ሕግ ያስፈልገዋል። ያ ሕግ በአካባቢው አልጠፋም ነበር። መጽሐፉ መጻተኛን አትበድል ይላል፤ ኦሪትም ለአገር ተወላጁና ለመጻተኛው አንድ ሕግ ታዛለች። ባለርስቱ ይህን እያነበበና እየሰማ አልፈጸመውም። ስለዚህ ጥፋቱ አደራን ማክበሩ አይደለም፤ አደራውን ለራሱ ወገን ብቻ ቆርሶ ማስቀረቱ ነው።

የሥልጣን ልክ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መልስ በሦስት መመዘኛ ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው ምንጩን ይመለከታል። መንግሥት መብትን ሊመዘግብ፣ ሊዳኝ፣ ሊጠብቅ ይችላል፤ ፈጣሪው ነኝ ማለት ግን አይችልም። ምድርም ቤተሰብም ደብርም ከመንግሥት በፊት ነበሩ።

ሁለተኛው መንገዱን ይመለከታል። የተወረሰ ነገር ሊለወጥ የሚገባው ሸክሙን የሚሸከሙት ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ቀስ በቀስ፣ ስሕተት ሲታይ መመለሻ እንዲኖረው ሆኖ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎረቤት በተገኘበት ድንበር ተለየ፤ የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ፤ ሴት ወራሽ ናት የሚለው የጥንት ልማድ በጽሑፍ ማስረጃ ተደገፈ፤ ሽግሽግም በሕግ ተገደበ። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ከነባሩ ውስጥ ደጉን መርጦ ያጸናል። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ደብተሩ የሚመሰክረው ለመጠቀም መብት እንጂ ለባለቤትነት አይደለም። ቤተሰብ ለዘለዓለም የሚወርሰው፣ መንግሥት ያለ ፍርድ የማይነካው፣ ባለገንዘብም በችግር ቀን የማይጠቀልለው ይዞታ በሕገ መንግሥት ደረጃ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛው ግቡን ይመለከታል። ማንኛውም ለውጥ ሰውን ለወረሰው ነገር የበለጠ ተጠያቂ ካደረገው በጎ ነው፤ የሌላ ሰው ውሳኔ ጠባቂ ካደረገው ግን ስሙ ልማትም ይሁን እኩልነት ወይም ጥበቃ ጎጂ ነው። በዚህ ሚዛን ቴዎድሮስም፣ ደርግም፣ የ1989 ሸንሻኞችም፣ ባለፓርኮችም ይመዘናሉ። ቤተ እስራኤልን ከርስት ያገለለው ባለርስትም በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ይቀላል። ለሁሉም እኩል ሲሠራ ብቻ ወግ አጥባቂነት የጥቅም ምሽግ መሆኑ ይቀርና የፍትሕ ትምህርት ይሆናል፤ መንግሥትም ሥልጣኑ ከአደራው እንደማይበልጥ ያውቃል።